ከወንዙ ማዶ የተሰማው ጊታር

ኢዜል ታርፕሊ የተገኘው በገዛ በረንዳው ላይ፣ በገዛ ወንበሩ ተቀምጦ፣ ጊታሩን ታቅፎ ነበር። ቨርዴል ኮትስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ስትደርስ ፀሐይ ከጥጡ ማሳ ጀርባ ልትገባ ጥቂት ቀርቷታል። የሟቹ ልጅ ካርሊና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። ባሏ ጁኒየስ የትራክተሩን አቧራ ከፊቱ ሳይጠርግ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

ቨርዴል የመንደሩ ጥቁሮች ገናዥ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሬሳ አጥባ፣ አልብሳ ሸኝታለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ትጫወታለች። በሚሲሲፒ የጥቁር ሬሳ አይተው ሸሪፎች የማይጠይቁትን ጥያቄ እሷ ስትጠይቅ ኖራለች። መልሱን ግን ለማንም ነግራ አታውቅም።

ጊታሩን ከሟቹ እቅፍ ልታወጣ ስትሞክር ክንዱ አልዘረጋ አላት። መንጋጋውን ነካች፤ እሱም ደርቋል።

«መቼ አገኘኸው?» አለችው ጁኒየስን።

«ቅድም፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት። ትራክተሩን አቁሜ ስመጣ። የተኛ መስሎኝ ‹አባባ፣ የራት ሰዓት ደርሷል› አልኩት።»

ቨርዴል ወደ ሟቹ ዞረች። የግራ እጁን አየች። በትንሿ ጣቱ ላይ፣ በክሮቹ ላይ እያንሸራተተ ዘፈኖቹን ሁሉ ሲያስለቅስበት የኖረው የተቆረጠ የጠርሙስ አንገት እንደገባ ነው።

ምክትል ሸሪፉ ከመኪናው ወርዶ የሟቹን ራስ በባትሪ አበራበት። ከኋላው ተፈንክቷል። ከማን ጋር እንደተጣላ ጠየቀ። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ፣ ጁኒየስ ባለፈው እሑድ በመሸታ ቤቱ ደጃፍ በሽማግሌው ላይ መጮሁን ተናገረ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ከሰሜን የመጣ አንድ ነጭ ተማሪ ኢዜልን ወስዶ በትልቅ መድረክ ሊያዘፍነው ፈልጓል፤ ጁኒየስ ደግሞ በዚያ በታመመ ሳንባው መንገዱን አይችልም ብሎ እምቢ አለ። የመሸታ ቤቱ ባለቤት ዜኖቢያ ጊታሩን ከወንዙ ማዶ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ መስማቷን ጨመረች። እንግዲህ ሽማግሌው እስከዚያ ሰዓት በሕይወት ነበረ ማለት ነው። ካርሊና ማሳ ውላ ገና አልተመለሰችም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤቱ የገባው ጁኒየስ ብቻ ነው።

ምክትሉ የጁኒየስን ስም ጻፈ። የእርሻው ባለቤት ትራክተር ነጂውን እስከ ቅዳሜ ቀትር ስለፈለገው ግን አልወሰደውም። ቅዳሜ ከቀብር በፊት፣ በስምንት ሰዓት እንደሚመጣ ተናግሮ ሄደ።

ካርሊና ቨርዴልን በክንዷ ያዘቻት። ባለፈው ዓመት እስር ቤት የገባው የመንደሩ ልጅ በሦስተኛው ቀን የተመለሰው ወደ ቨርዴል የሬሳ ማጠቢያ ጠረጴዛ ነበር። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ።

በማግስቱ ጠዋት ቨርዴል ሬሳውን ስታጥብ ከፀጉሩ ውስጥ የብረት ዝገት ፍርፋሪ ለቀመች። የሸሚዙ ጀርባ እርጥብ አፈር ይዞ ደርቋል፤ የጫማው ተረከዝ መሬት ለመሬት ተጎትቶ ተፍቋል። ወደ ኢዜል ቤት ጓሮ ሄደች። ውኃ የሚቀዱበት የእጅ ፓምፕ አፉ የዛገ ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት ሁልጊዜ ጭቃ ነው።

ከዚያ ጊታሩን አንሥታ፣ ጣቷን ምንም ሳታሳርፍ ክሮቹን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ጠረገቻቸው። የወጣው ድምፅ እንግዳ ሆነባት።

ጊታሩን በጨርቅ ጠቅልላ ወንዙን ተሻገረች። በመሸታ ቤቱ በኤሌክትሪክ ጊታር የሚዘፍነው ዊልበርት ሲያያት ሳቀ። «እትዬ ቨርዴል፣ እርስዎም ብሉዝ ጀመሩ እንዴ? ዲያቆናቱ እንዳይሰሙ።»

«ና፣ ይህን ምታልኝ።»

ክሮቹን ሲነካ ሳቁ ጠፋ። «የጋሽ ኢዜል ቅኝት አይደለም። የሱ ቅኝት ጣት ሳያሳርፉበት ራሱ ይዘምራል። በዚህ ላይ ጠርሙስ ቢያስሄዱ እንደ ድመት ነው የሚጮኸው። ማን ነው የነካካው?»

«አንተስ በዚህ ትጫወታለህ?»

«እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ከሱ ቅኝት ሌላ አላውቅም።» ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ከተማ የጊታሩን ድምፅ ማጉያ ሲያስጠግን እንደዋለ ሳትጠይቀው ነገራት። ጠጋኙም በኋላ መሰከረለት።

ዜኖቢያ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዚያው ቆማ እንደሰማች ደገመችላት።

«ዘፈኑ የትኛው ነበር?»

ዜኖቢያ እጇን ከውኃው አወጣች። «እሱ ነው የገረመኝ። ዘፈን አልነበረም። ከሥር ከሥር ብቻ፣ ያው አንድ ነገር እየተመላለሰ። ሌላ ሰው መጥቶ እንዲገባበት የሚጠብቅ ይመስላል። ደክሞታል ብዬ ተውኩት።»

ስለ ተማሪውም ጠየቀቻት። ልጁ ወደ መሸታ ቤቱ ሲመጣ ተስፋ ቆርጦ እንደነበር ዜኖቢያ አጫወተቻት፤ የኢዜልን መቃብር ነበር የሚፈልገው። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያገኛቸው አንድ ዲያቆን «ኢዜል ታርፕሊ ድሮ ሞቷል» ብለውታል።

በቤተ ክርስቲያኑ አንዲት ነገር እንኳ እንድትጎድል የማይፈልገው ዲያቆን ሉሺየስ ቦሃነን አግዳሚዎቹን ለቀብሩ ያስተካክል ነበር። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት እሱና ኢዜል በባቡር ወደ ሰሜን ሄደው በአንድ ቀን አራት ዘፈን ቀርጸው ነበር፤ ኢዜል መሪ፣ ሉሺየስ አጃቢ። በሸክላው ላይ የታተመው የኢዜል ስም ብቻ ነው። ሸክላ ቤቱ በዓመቱ ከሰረ፤ ሁለቱም ወደ ጥጣቸው ተመለሱ። ኢዜል ሉሺየስን እስከ መጨረሻው ድረስ «ሁለተኛ» እያለ ሲቀልድበት ኖረ። ሉሺየስ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ከገባ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጊታር በእጁ አልነካም።

ቨርዴል የቀዘቀዘ ሻይ አቀበለችው። በግራ እጁ ተቀብሎ ወዲያው ወደ ቀኙ አዛወረው።

«ምን ሆነህ ነው እጅህን?»

«መኮትኮቻ ነው» አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ቨርዴል አይታዋለች።

ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ሁሉም በሟቹ ቤት ተሰበሰቡ። መስታወቱ በሐዘን ልማድ በአንሶላ ተሸፍኗል፤ የሬሳ ሣጥኑ ክፍት ነው። ጁኒየስ በር አጠገብ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል፤ ከሐሙስ ጀምሮ ከእጁ አላስቀመጠውም። ቨርዴል ጊታሩን ከሣጥኑ አጠገብ አቆመችው።

«አንድ ሰዓት ቀርቶናል» አለች። «እኔ የማውቀውን ልናገር፤ የተሳሳትኩ እንደሆነ አርሙኝ። ሐሙስ እዚህ ስደርስ የጋሽ ኢዜል ክንድ ደርቆ ነበር። የሞተ ሰው ክንድ በግማሽ ሰዓት አይደርቅም። በዚህ ሙቀት እንኳ አራት፣ አምስት ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ የሞተው በስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ጁኒየስ ከጠዋት እስከ ማታ ትራክተር ላይ ነበር፤ ነጩ ተቆጣጣሪ ከዓይኑ አላራቀውም።»

«እኔ ግን ጊታሩን ሰምቻለሁ» አለች ዜኖቢያ።

«ሰምተሻል። የሰማሽው ግን እሱን አይደለም። የሞተው ጓሮ ፓምፑ ላይ ወድቆ ነው። አንድ ሰው ጎትቶ አምጥቶ በወንበሩ አስቀመጠው፤ ጠርሙሱን በትክክለኛዋ ጣቱ ላይ አደረገለት። ከዚያ ጊታሩን ወስዶ፣ ቅኝቱን ወደ ራሱ ለውጦ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ተጫወተ። ሲጨርስ አሳቀፈው፤ ቅኝቱን ግን መመለስ ረሳ። ጋሽ ኢዜል በዚህ ቅኝት ጠርሙሱን አያደርግም፤ ጠርሙሱን ካደረገ ደግሞ በዚህ አይቃኝም።»

ዊልበርት ራሱን ነቅንቆ አረጋገጠ።

«ዜኖቢያ የሰማችው ዘፈኑን ሳይሆን የዘፈኑን አጀብ ነው። ያንን አጀብ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ አለ። ለሃያ አምስት ዓመት ክር ያልነካ ጣት ሦስት ሰዓት ቢጫወት ይቆስላል። መኮትኮቻ መዳፍን ነው የሚያቆስል፤ የአንድ እጅ አራት ጣት ጫፍ ጫፉን አያቆስልም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሉሺየስ፣ እጅህን አሳያቸው።»

 ሉሺየስ የግራ እጁን በጉልበቱ ላይ ዘረጋው። አራቱም ጣቶች ጫፋቸው ተልጧል።

«ተማሪውን የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለ። «የመጣው ኢዜልን ብሎ ነው። አጠገቡ ቆሜ ‹አንተስ ማን ነህ?› እንኳ አላለኝም። ኢዜል ሰምቶ ሐሙስ አስጠራኝ። ውኃ እየቀዳ ነበር። ‹ለምን ገደልከኝ?› ብሎ ሳቀ። ‹ና ግባ፣ ጊታር ያዝ፣ ሁለተኛ› አለኝ። ሁልጊዜ የሚለው ነው። የዚያን ቀን ግን አልቻልኩም፤ ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋሁት። ጭቃው አንሸራተተው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ብቻውን ጥዬው መሄድ አቃተኝ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም፤ አጀብኩት። ጁኒየስን ይይዙታል ብዬ አላሰብኩም። ስሙ ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ፈራሁ።»

ካርሊና እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ቨርዴል ከቀሚሷ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ዛሬ ጠዋት ሳለብሰው ከእሑድ ኮቱ ውስጥ አገኘሁት።»

«ረቡዕ ማታ አባባ እየነገረኝ የጻፍኩት ነው» አለች ካርሊና። «ለተማሪው። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ለማንም እንዳትነግሪ አለኝ። ሰኞ ነበር የምልከው።»

ቨርዴል አነበበችው። «ለመምጣት ፈቃደኛ ነኝ። ነገር ግን ያንን ሸክላ የሠራነው ሁለት ሆነን ነው። የሌላው ስም ሉሺየስ ቦሃነን ነው፤ በትልቁ ጻፉት። ያለሱ አልመጣም፤ እኔ ለብቻዬ ስጫወት ግማሽ ነኝ።»

ሉሺየስ ወረቀቱን ተቀብሎ የሚያነብ መሰለ፤ ማንበብ ግን አይችልም። አጥፎ ለካርሊና መለሰላት። ከዚያ ተነሥቶ ጊታሩን አነሣ። ማንም አልከለከለውም። ክሮቹን አንድ በአንድ፣ በቆሰለ ጣቱ እየነካ አላላቸው፤ ኢዜል ወደሚወደው ቅኝት ሲደርሱ መልሶ ከሣጥኑ አጠገብ አቆመው።

ከውጭ የመኪና ድምፅ መጣ። ሉሺየስ ጁኒየስ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ጁኒየስም መንገዱን ለቀቀለት። ሽማግሌው ደረጃውን ቀስ ብሎ ወርዶ፣ ምክትል ሸሪፉ ከመኪናው ሳይወጣ በፊት ሁለቱንም እጁን ዘርግቶ ወደሱ ሄደ።

ቨርዴል መኪናው ከዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ በመስኮቱ አየች። ስትመለስ ጁኒየስ በሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ፊት ቆሟል። ባርኔጣውን ለጥቂት ጊዜ አገላብጦ አየውና ሰቀለው።