በ1962 የፈረሰው ክፍል

«ለመምህራንና ለተማሪዎች በሙሉ በአክብሮት ይገለጻል፤ በዛሬው ዕለት የባልዲ ተራ ተሰርዟል።»

ርዕሰ መምህርቷ ሚስስ ጋርሳይድ ይህን በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ የንጉሥ ሞት የሚያረዱ ይመስሉ ነበር። የዕለቱ ባልዲ ተረኛ ሮዊና አክሮይድ ቀና ብላ የሚያፈሰውን የክፍሏን ጣሪያ አየች። ጣሪያው አዋጁን የሰማ አይመስልም።

ክፍሉ የእንጨትና የቆርቆሮ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ «ለአምስት ዓመት ብቻ» ተብሎ ተሠራ። ሮዊና ይህን ያወቀችው ለአዲሱ የሳይንስ ሕንፃ ምረቃ የትምህርት ቤቱን የግንባታ ታሪክ እንድትጽፍ ታዝዛ ነው። ሦስት ሳምንት የድሮ ፕላን ስታገላብጥ ከረመች። የ1934ቱ ክንፍ ጡብ ከዋናው ሕንፃ ፈዘዝ ያለው ለምን እንደሆነ ሳይቀር ታውቃለች፦ የፋብሪካ ጭስ አጥቁሮ ያመሳስለዋል ብለው ነበር፤ ፋብሪካዎቹ ቀድመው ተዘጉ።

«ጊዜያዊው ክፍል እስከ ዛሬ ያገለግላል» ብላ ጽፋ ነበር። ሚስስ ጋርሳይድ ሰርዘው በአረንጓዴ ቀለም «በ1962 ፈርሷል» አሉበት።

«ግን ሚስ፣ እየተማርንበት ነው እኮ።»

«ለእንግዶች ነው፣ የኔ ልጅ። ደግሞ የመስከረሟ የተማሪዎች አለቃ ገና አልተመረጠችም።»

ክፍሉ ፊት ለፊት «ወደፊት እንገነባለን» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተወጠረ። ሌላ ክፍል ስላልተገኘ፣ ሃያ ስምንት ልጆች መብራት አጥፍተው፣ ትንፍሽ ሳይሉ ከጨርቁ ጀርባ እንዲቀመጡ ተነገራቸው።

«አንቺ አለቃ ትሆኛለሽ፤ እኔ ፍርስራሽ ውስጥ ሒሳብ እማራለሁ» አለች ጓደኛዋ ኑስራት።

«ተይኝ ባክሽ፣ ደክሞኛል።»

«እኛ ከ1962 ጀምሮ ሞተናል፤ ደከመን ብለናል?»

በዚያው የምረቃ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዘነበ። እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ ተደርድረዋል። ሪባን የሚቆርጡት የቀድሞዋ ተማሪ ሚስስ ሄብልዋይት ነበሩ፤ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሮዊና የጻፈችውን ታሪክ ማንበብ ጀመረች። ዋናው ሕንፃ የተሠራበትን 1907ን አለፈች፤ 1934ን አለፈች። አረንጓዴው መስመር ላይ ስትደርስ ከጨርቁ ጀርባ አንድ ድምፅ ሰማች።

ባዶ ባልዲ ጠብታ ሲያርፍበት ይንቃጨላል። ሊሞላ ሲል ድምፁ ይወፍራል። ያኔ መጻሕፍቱ እስኪርሱ የቀረው ሦስት ደቂቃ ነው። ይህን ባልዲ ተረኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ሚስስ ጋርሳይድ «ቀጥዪ» በሚል ፈገግታ አዩዋት።

ሮዊና ወረቀቱን አጠፈችው።

«ይቅርታ፣ ባልዲው ሞልቷል» አለች።

በዝናቡ ተሻግራ የጨርቁን አንድ ጠርዝ ፈታች፤ በሩንም ከፈተች። ሃያ ስምንት ፊት ከጨለማው ወደ ድንኳኑ አፈጠጠ። ኑስራት ባልዲውን አቀበለቻት፤ ሮዊና እንግዶቹ ፊት ቦይ ውስጥ ደፋችው።

ሚስስ ሄብልዋይት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«መስኮቱ ሥር ነው የምታስቀምጡት?»

«አይደለም፣ ሰሌዳው ሥር ነው።»

«በኛም ጊዜ ሰሌዳው ሥር ነበር» አሉ አሮጊቷ፤ መቀሱን ለሚስስ ጋርሳይድ አስያዙና ወደ ክፍሉ ማዝገም ጀመሩ።

ሮዊና ባዶውን ባልዲ ይዛ ተመልሳ ገባች። ጨርቁን መልሳ አላሰረችውም።