ኖራ የነካት ኳስ

ማዕረግ ሕፃን ሳለ ከግድግዳ ማዶ የሰማው ጭቅጭቅ እስከ ዛሬ በግማሹ ትዝ ይለዋል። አንዱ ጎረቤት «ድንበሩ እዚህ ነው» አለ፤ ሌላው «አልፈህ አርሰሃል» አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንደመለሰ ጠፍቶበታል። ያልጠፋው፣ ዱላ አጥንት ላይ ሲያርፍ የሰማው ድምፅ ነው።

ዛሬ ደባርቅ፣ የትምህርት ቤታቸው የቴኒስ ሜዳ ላይ፣ ያንኑ ድምፅ ከአጠገቡ ሰማው።

ከዳባት የመጣው ተጋጣሚው ደርቤ በግንባሩ ተደፋ። ከቅንድቡ የወረደው ደም አፈሩን አራሰው። የማዕረግ ታላቅ ወንድም ላቀው ዱላውን እንደያዘ ያለከልካል።

«ሜዳችን ድረስ መጥቶ ወንድሜን ሌባ ይለዋል? እስቲ ይነሳና ይድገማት!»

ነገሩ የተነሳው በአንዲት ኳስ ነው። ደርቤ ያቺን ነጥብ ካገኘ ጨዋታው አለቀ፤ ጎንደር ለውድድር የሚሄደው እሱ ነው። የመስመር ዳኛ ስለሌለ፣ ኳስ በሜዳው የወደቀችበት ተጫዋች ራሱ ይፈርዳል፤ መስመር የነካች ኳስ እንደገባች ትቆጠራለች። ማዕረግ «አውት! ወጥታለች!» ብሎ ጮኸ። ደርቤ መረቡን ዘሎ መጣና «መስመሩን ነክታለች! ሌባ!» ብሎ ደረቱን ገፈተረው። ላቀው ከተመልካቹ መሃል ሮጦ የወጣው ያኔ ነው።

አሁን የዳባት ልጆች የሜዳውን በር ዘግተው ድንጋይ ይለቅማሉ። የአንዱ ድንጋይ የላቀውን ትከሻ አገኘው። ደባርቆችም ጎንበስ አሉ። የስፖርት መምህሩ ቲቸር ዘመነ መሃል ቆመው ፊሽካ ይነፋሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

ማዕረግ ኳሷን አነሳ። ጠዋት ሜዳው የተሰመረበት ኖራ ገና አልደረቀም፤ አንድ ጎኗ ነጭ ሆኗል።

«ጥረጋት» አለው ጓደኛው ይታያል በሹክሹክታ። «በቁምጣህ፣ ቶሎ በል!»

ማዕረግ ጣቱን ኖራው ላይ አሳረፈ። ቢጠርጋት፣ ደርቤ ከእንግዲህ መጫወት ስለማይችል፣ ጎንደር ይሄዳል፤ ላቀውም ለወንድሙ የደረሰ ጎበዝ ይባላል። ባይጠርጋትስ?

«በኪዳነ ምሕረት፣ ወጥታለች አይደል?» አለ ላቀው። «ንገራቸው እንጂ!»

ማዕረግ ኳሷን ገልብጦ ነጩን አሳየው። «ነክታለች። አይቻታለሁ።»

«አንተን አምኜ እኮ ነው የመታሁት!» የላቀው ጥፊ ከቃሉ ቀደመ። የማዕረግ ከንፈር ተሰነጠቀ። ሄዶ ኳሷን ደርቤ እጅ ላይ አኖራት።

«ጨዋታው ያንተ ነው።»

«ጨዋታውን ተወው» አለ ደርቤ፤ ሊነሳ ሞክሮ መልሶ ወደቀ። «ዐይኔ አያይም።»

«አሁኑኑ ሆስፒታል መድረስ አለበት!» አሉ ቲቸር ዘመነ።

ማዕረግ ወደ ወንድሙ ዞረ። «አንተ ተሸከመው።»

«እብድ ነህ? በሩ ላይ ይወግሩኛል!»

«እኔ ከፊትህ እሄዳለሁ።»

«እኔ ጀርባው ላይ እያለሁ ማን ይወረውራል?» አለ ደርቤ ወደ አፉ የወረደውን ደም እየተፋ። «ግን ዱላውን ይጣል።»

ላቀው በሩን አየ። ድንጋይ የያዙትን እጆች አየ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። ዱላውን ጥሎ ደርቤ ፊት ተንበረከከ። «ይታዘል። ሆስፒታል አድርሼው ፖሊስ ጣቢያም በራሴ እሄዳለሁ።»