አፉን የዘጋ መድፈኛ

«ተኩስ ሲባል ጥርስህን ግጥም አድርገህ ቀጥ በል» አለችው ቤርሳቤህ፣ በጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጠባብ መንገድ እየመራችው። «መድፈኞች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።»

«ግጥም! ገባኝ» አለ ዮፍታሔ። «ጀለሴ ነሽ በእውነት። እኔ እኮ ተቀይመሽኛል ብዬ ነበር።»

ተቀይማለች እንጂ! ቂሟ አብሯት የሚበላ፣ አብሯት የሚተኛ ቂም ነው። ቲቸር መይሙና «የሰፈራችሁን ታሪክ አቅርቡ» ስትል፣ ዮፍታሔ ቀድሞ ተነሳና የቤርሳቤህን አያት ታሪክ የራሱ አያት ታሪክ አስመስሎ ተረከው። ተጠባባቂው የመድፈኛ ሻለቃ ጦር፣ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረው መድፍ፣ ቀበቷቸውን ቀጣጥለው ጎትተው ያወጡት ሰዎች፣ አንድም አላስቀረ። ጓደኛዬ ብላ እረፍት ላይ ያጫወተችው እሷው ናት። ተራዋ ደርሶ ስትጀምር ክፍሉ «ኮፒ! ኮፒ!» እያለ አወካ። ከዚያ ወዲህ ስሟ ኮፒ ሆኖ ቀረ። የዮፍታሔ አያት ደግሞ ሜክሲኮ አደባባይ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ መድፍን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ዛሬ አያቷ ያገለገሉበት የሻለቃ ጦር ዓመታዊ በዓል ነው። «ከሽማግሌዎቹ ጋር ፎቶ ትነሳለህ» ብላ ስትጋብዘው እየዘለለ መጣ።

ያልነገረችው ነገር አለ። ሽማግሌዎቹ ግቢው መሀል ትልቅ የመድፍ ቀለህ ያቆማሉ። ሻምበል ወልደገብርኤል «ተኩስ!» ብለው በመዶሻ ሲመቱት ሁሉም አፉን ይከፍታል። መድፍ ሲተኮስ አፉን የዘጋ ሰው ጆሮው ይጎዳልና፣ ልማዱ ከዚያ የቀረ ነው። የመድፈኛ ዘር ነኝ ብሎ አፉን የዘጋ ሰው ባዶውን ቀለህ ተሸክሞ ግቢውን ይዞራል፤ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ይስቅበታል። ቤርሳቤህ ልትቀርጸው የስልኳን ባትሪ ሞልታ መጥታለች። ሰኞ ክፍሉ በሙሉ ያየዋል።

ሲገቡ ሻምበል ወልደገብርኤል እንግዳውን አዩት። እዚያ ቤት የሁሉም ጆሮ የደከመ ስለሆነ ወሬው ጩኸት ነው። «የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«አያቴ መድፈኛ ነበሩ!» አለ ዮፍታሔ፣ እሱም ጮኾ።

«እሰይ! በል ቁም እንግዲህ። ተኩስ!»

ቀለሁ ጓ! አለ። ጥርስ የጎደለው አፍ ሁሉ ተከፈተ። ዮፍታሔ ብቻውን ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። የቤርሳቤህ አንጀት ቅቤ ጠጣ። እንኳን! የእጁን አገኘ! ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች።

አያቷ አባባ ኃይለመለኮት ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ልጁ ቀረቡ። «አለማወቅ ያለ ነው፣ ልጄ። አንተ ግን ሆን ብለህ ነክሰሃል። ጥርስህን ንከስ ያለህ ማን ነው?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ቤርሳቤህ ይኼን አላሰበችም። አባባ ግራ ጆሯቸውን ያጡት፣ አዲስ ገብ ሳሉ አንዱ ቀልደኛ ጓደኛቸው «ጥርስህን ንከስ» ብሏቸው ነው። የሰውየውን ስም ቤታቸው ውስጥ ማንም አያነሳም። እሷም ክፋቱን የተማረችው ከዚያው ታሪክ ነበር።

ዮፍታሔ ዞሮ ቤርሳቤህን አያት። ገብቶታል፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አንዲት ቃል ቢተነፍስ አለቀላት።

«ማንም» አለ። «ራሴ ነኝ።»

ወይ አንተ! አሁንም ይዋሻል! ደሟ ፈላ። ክፉ ሆኖ ቢጨርስላት ምን ነበረበት?

በአባባ ደህና ጆሮ በኩል ዞረች። ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ጮኸች። «አባባ፣ ያልኩት እኔ ነኝ!»

አባባ አዩዋት። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩባት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ዮፍታሔ ጎንበስ ብሎ ቀለሁን ለማንሳት ይታገላል። ቤርሳቤህ ሄዳ በሌላው ጫፍ ያዘች።

«ሰኞ የማን ታሪክ እንደሆነ ክፍል ውስጥ ትናገራለህ» አለችው። «ገና አልማርኩህም።»

«እናገራለሁ። እኔም ገና አልማርኩሽም።»

«አትማረኝ። አንሳ!»

አነሱት፤ ከባድ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ሲጀምሩ የሚያጨበጭብ ሰው አልነበረም።