ሁለቴ የተደመረ ስድስት

ሁለት ሰዓት ሞላ፤ ደወሉ ግን ዝም አለ።

ኡርጂ ከአስረኛ «ለ» ሰልፍ ፊት ቆማ፣ ከቢሮው በር አናት ላይ የተሰቀለውን አዲሱን የኤሌክትሪክ ደወል ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ማንም ሳይነካው ይጮኻል፣ ቡራዩ ውስጥ እንዲህ ያለ ደወል ያለው የኛ ትምህርት ቤት ብቻ ነው እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስታወራ ነው የከረመችው። ከኋላዋ ያሉት ልጆች ከአስር ወደ ታች ቆጥረው ጨርሰው፣ ዜሮም ብለው፣ አሁን መንሾካሾክ ጀምረዋል።

«አቦ ኡርጂ፣ ደወልሽ አርፍዷል፤ ወላጅ ያምጣ!» አለ አንዱ።

ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ኡርጂ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። የግቢው ዘበኛ ኦቦ ነገሳ ትንሽ ጠበቁና ብረታቸውን አንስተው ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ እንደ ወትሮው ደበደቡት። ባንዲራ ተሰቀለ።

«አይዞሽ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት በአጠገቧ ሲያልፉ። ልጄ ማለታቸው ነው። ማጽናናታቸው ግን ከልጆቹ ሳቅ ብሶ አንገበገባት።

ደወሉን የሠሩት እሷና የክፍል ጓደኛዋ ሙአዊያ ናቸው። ዋናው ነገር የክብሪት ሳጥን የምታህል ቦርድ ናት፤ ዋይፋይ ስላላት ሰዓቱን ራሷ ከኢንተርኔት ታነባለች። በፕሮግራሙ የተነገራት ሰዓት ሲደርስ ሪሌይ የሚባለውን ማብሪያ ማጥፊያ ታዘዋለች፤ እሱም «ቀጭ» ብሎ መብራቱን ወደ ደወሉ ይለቃል። ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ሰብለወርቅ መጀመሪያ አሻፈረኝ ብለው ነበር። ተማሪና ዋይፋይ ከተገናኙ ጨዋታ እንጂ ትምህርት አይኖርም ባይ ናቸው። የአይሲቲ መምህሩ ወንዳፍራሽ ናቸው «ለኔትወርኩ ኃላፊው እኔ ነኝ፤ ችግር ከመጣ እኔን ይጠይቁኝ» ብለው ደጅ ጠንተው ያስፈቀዱላቸው።

ከሰልፉ በኋላ ወይዘሮ ሰብለወርቅ ሁለቱን ቢሮ አስጠሯቸው።

«እሺ፣ ምን ሆነ?»

ኡርጂ አፏን ሳትከፍት ሙአዊያ ቀደማት። «ኔትወርክ ነው፣ ወይዘሮ ሰብለወርቅ። ጠዋት ተቋርጦ ነበር።»

ኡርጂ ዞር ብላ አየችው። ቦርዷ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት የምትበራው ኔትወርክ ሲኖር ብቻ ነው፤ ሰልፍ ከመግባታቸው በፊት ሁለቱም ስትበራ አይተዋታል። ግን አላረመችውም።

«ብዬ ነበር!» አሉ ዳይሬክተሯ። «ይሄ ወንዳፍራሽ ሰው አይሰማም። በሉ፣ እስከ ምሳ እታገሣለሁ። የምሳው ደወል ካልጮኸ ዕቃችሁ ይነቀላል፣ የላቦራቶሪው ዋይፋይም ለተማሪ ይዘጋል።»

ኮሪደሩ ላይ እንደወጡ ኡርጂ የሙአዊያን ክንድ ያዘች። «ለምንድን ነው የዋሸኸው?»

«ላንቺ ብዬ ነዋ! ምን ልበል? የሠራነው ነገር ለምን እንዳልጮኸ አናውቅም ልበል? ሼም ነው እኮ።»

ረፍት ላይ ሌላው ሁሉ ሜዳ ሲወርድ ሁለቱ ላቦራቶሪ ገብተው የኡርጂን ላፕቶፕ ከፈቱ። ኡርጂ ፕሮግራሙን ከላይ ወደ ታች ስታነብ ቆየችና አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለች።

«ሙአዊያ፣ የደወሎቹን ሰዓት ስታስገባ በኛ ነው በፈረንጅ?»

«በፈረንጅ ነዋ። ሁለት ሰዓትን ስምንት ብዬ፣ ሌላውንም እንደዚያው። ምነው?»

ኡርጂ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ትናንት ቤቷ ሆና ፕሮግራሙን ለመጨረሻ ጊዜ ስትነካካ፣ ኢንተርኔቱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት መሆኑ ትዝ አላትና «በየደወሉ ሰዓት ላይ ስድስት ደምር» የምትል መስመር ጨመረች። ሙአዊያ ቀድሞ ደምሮ እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ እሱ የሞላውን ሰንጠረዥም ከፍታ አላየችም። ስልኳ ላይ ስምንት ሰዓት ባየች ቁጥር ሁለት ብላ የምታነብ ልጅ ናት፤ ስድስት መደመርና መቀነስ ለሷ እንደ መተንፈስ ነው። እናም ሁለት ሰዓት በሙአዊያ እጅ ስምንት ሆነ፤ ስምንቱ ደግሞ በሷ እጅ አሥራ አራት። ደወሉ ምንም አልሆነም። ከምሳ በኋላ፣ በኛ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልጆቹን ለጠዋት ሰልፍ ሊጠራ በትዕግሥት እየጠበቀ ነበር። ሲሞክሩትም ቁልፍ ተጭነው እንጂ ሰዓቱን ጠብቀው አልነበረም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

ሙአዊያ ከት ብሎ ሳቀ። «ተበላን! በይ አጥፊያት መስመሯን። ምሳ ላይ ሲጮኽ ኔትወርኩ ተመለሰ ይባላል፣ አለቀ። ማን ያውቃል?»

«ቲቸር ወንዳፍራሽስ?»

«ትንሽ ይቆጧቸው ይሆናል። ከዚያ በላይ ምን ይመጣል?»

ኡርጂ መስመሯን አጠፋች። ሌላ የቀረ ስህተት እንዳይኖር እያንዳንዱን ደወል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየች፤ ከዚያ ፕሮግራሙን ቦርዷ ላይ ጫነች።

ከምሳ በፊት የነበረው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። ምን እንደተማሩ ብትጠየቅ አታውቅም። መምህሩ ጠመኔ ይዘው ሰሌዳው ላይ ገና ቀመር እየጻፉ ሳለ ስድስት ሰዓት ሞላ፤ ደወሉም ግቢውን በአንድ እግሩ አቆመው። ከየክፍሉ ጩኸትና ጭብጨባ ተነሣ። ጠዋት የሳቁባት ልጆች ዴስክ እየደበደቡ «ኡርጂ! ኡርጂ!» አሉ። ደረቷ ሞላ። በሕይወቷ እንዲህ ኮርታ አታውቅም፤ መደበቅም አልፈለገችም፣ ላፕቶፗን በብብቷ ይዛ ጥርሷን እያሳየች ወደ ሜዳው ወጣች። ኦቦ ነገሳ ከደወሉ ሥር ቆመው አንጋጠዋል። «ጀባዱ!» አሏት እጃቸውን አንሥተው፤ በርቺ ሲሉ።

ወይዘሮ ሰብለወርቅ ከቢሮ ወጥተው የሷንም የሙአዊያንም እጅ ጨበጡ። ከዚያ ጭብጨባ ሰምተው ወደመጡት መምህር ወንዳፍራሽ ዞሩ።

«አየህ? ኔትወርክህን ስታስተካክል ይሠራል። ጠዋት ብታየው ኖሮ እነዚህ ልጆች በሰው ፊት ባላፈሩ።»

«ጠዋትም እኮ ደህና ነበር» አሉ መምህሩ ግራ ተጋብተው። «ራሴ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ልጆቹ ዋሹ ነው የምትለኝ?»

መምህር ወንዳፍራሽ ሁለቱን ልጆች አዩዋቸው። ሙአዊያ መሬት መሬቱን ያያል። መምህሩ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ... ሳላይ ተቋርጦ ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ኡርጂ ቀና ብላ መምህሩን አየቻቸው። መምህሩ ነገሩ እንደገባቸው ከዓይናቸው አውቃለች፤ ገብቷቸውም ነው ጥፋቱን የተሸከሙላት። ሙአዊያ በጫማው ጫፍ እግሯን ረገጥ አደረጋት፣ ዝም በይ ሲል። ዙሪያውን ያሉት ልጆች ገና ስሟን ይጠራሉ። ደወሉ የኔ ነው ብላ ስትኮራ የጮኸውን ብቻ የኔ ልትል ነው? ዝም ያለውስ የማን ሊሆን ነው?

«ወይዘሮ ሰብለወርቅ» አለች፤ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጎላ ብሎ ወጣ። «ኔትወርኩ አልተቋረጠም። ደወሉን ጠዋት ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ስድስት ሰዓት ሁለቴ ደምሬ።»

ጭብጨባው ቀስ እያለ ቆመ። ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዩዋት።

«ሁለቴ? እንዴት ተደርጎ?»

«ላሳይዎት እችላለሁ።»

«ነይ፣ አሳዪኝ እስቲ» ብለው ወደ ቢሯቸው መንገድ ጀመሩ።

ኡርጂ ላፕቶፗን አቅፋ ተከተለች። ጥቂት እንደተራመደች ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ ሰማች።

«ቆይኝ» አለ ሙአዊያ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ኔትወርክ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ኡርጂ ቆመችና ጠበቀችው።