የወዚር ፋይል

«ወዚር፣ አለህ?»

ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ዙሀይራ በወዚር ላፕቶፕ ላይ ሁለቴ አነበበችው፤ ምንም አልተሰማትም። ወንድሟ ወዚር ከጎባ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ከተገለበጠ ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ከገሰራ ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ሊደርሱ፣ የመጡት አክስቷ «ይህቺ ልጅ ለምን አታለቅስም?» ብለው ለእናቷ ሲያንሾካሹኩ ሰምታለች። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም።

ወዚር ሮቤ ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። ትርፍ ሰዓቱን ግን የሚሰጠው ለአንድ ከዩኒክስ ወገን ለሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኮምፒውተርን ለሚያንቀሳቅስ መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ነበር። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ በየአገሩ ያሉ፣ በአካል ተያይተው የማያውቁ ሰዎች በነጻ ይጽፉታል፤ ሲበላሽም ይጠግኑታል። የወዚር ድርሻ አንዲት ፋይል ናት፤ የአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ምን ያህል እንደቀረው የምታነብ። አናቷ ላይ ስሙ ተጽፏል።

የኢሜይሉ ጸሐፊ ሄንሪክ የሚባል ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው። «ከአዲሱ ለውጥ ወዲህ ባትሪው ሞልቶም ዜሮ ይነበባል፤ ማሽኖቹ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከመካከላችን ይህ ዓይነት ላፕቶፕ ያለህ አንተ ብቻ ነህ። እስከ ሰኞ ካልመለስክ ፋይሉን ከሲስተሙ ለማውጣት እንገደዳለን» ይላል።

ዙሀይራ በስልኳ ዳታ ከወዚር አድራሻ ጻፈች። «ስለዘገየሁ ይቅርታ። አይቼ እነግርሃለሁ። ወዚር።»

አብራት ልታጠና የመጣችው የክፍል ጓደኛዋ ዮዲ ከትከሻዋ በላይ አነበበች። «ኧረ ዙዙ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«እዚያ ማንም አልሰማም» አለች ዙሀይራ።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሄንሪክ መለሰ። «እንኳን ተመለስክ! አሳስበኸን ነበር።» ዙሀይራ ይህንንም ሁለቴ አነበበችው።

በማግስቱ ምሳ ላይ አባቷ «ላፕቶፑን ሳላሀዲን ይወስደዋል» አሏት። ሳላሀዲን ጎሮ ያለው የአጎቷ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። «እሁድ መጥቶ ያለውን አጥፍቶ የራሱን ፕሮግራም ይጭንበታል። ተቀምጦ ምን ያደርጋል?»

«እሺ፣ አባ።»

ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ወንድሟ አጠገብ ተቀምጣ ኮድ ስታነብ ኖራለች። የላፕቶፑን ማህደር ስትበረብር ወዚር የጀመረውን ማስተካከያ አገኘችው። ኮዱ ባትሪው መልስ ለመስጠት ሳይዘጋጅ ይጠይቀዋል፤ ወዚር ኮዱ እንዲጠብቅ አድርጎ ነበር፤ ግን አልላከውም። ኮምፓይል ማድረጉ፣ ኮዱን ማሽኑ ወደሚረዳው መለወጡ፣ ብቻ አራት ሰዓት ፈጀ። ማሽኑን ስታስነሳው ዘጠና ሁለት አለ። ቻርጀሩን ስትነቅለው ዜሮ አለና ጭጭ አለ።

አልተናደደችም። እንደገና አስነሳችና ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ወንድሟ ኮዱ እንዲጠብቅ ያደረገው ማሽኑ ሲነሳ ብቻ ነው፤ ቻርጀሩ ሲነቀል ግን ያው ጥድፊያ አለ። አንዲት መስመር ጨመረች። ሌላ አራት ሰዓት።

ቅዳሜ ከሰዓት ቻርጀሩን ነቀለች። ሰማንያ ስምንት። ሰማንያ ሰባት። የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር በአስፋልቱ ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሰማንያ ስድስት።

እናቷ ገቡ። ወዚር ከሞተ ወዲህ ወደ ክፍሉ ሲገቡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። «ምንድን ነው እሱ?»

«የወዚር ሥራ ነው፣ ኡሚ።»

«አልጨረሰውም ነበር እንዴ?»

«አልጨረሰውም።»

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የምን እንደሆነ የማያውቁት ቁጥር ሲቀንስ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ «ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጨርሺለት።»

ሲወጡ ዙሀይራ ለሄንሪክ ጻፈች። «ሠርቷል። ወዚር።» ጣቷ መላኪያው ላይ ቆየ። ይህን ብትልክ ሄንሪክ ወዚርን ያመሰግነዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ነገር ይጠይቀዋል። እሱም ይመልሳል።

አጠፋችው።

«ዙሀይራ እባላለሁ፤ የወዚር እህት ነኝ» ብላ ጀመረች። «ወዚር በመኪና አደጋ ሞቷል። ባለፈው የጻፍኩልህ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ። ማስተካከያው የእሱ ነው። አንዷን መስመር የጨመርኩት እኔ ነኝ። በእሱ ላፕቶፕ ፈትሼዋለሁ።»

«ሞቷል» የሚለውን ቃል ትንሽ አየችው። ሌላው ቃል ሁሉ እንደተሰለፈ እሱም ተሰልፏል። ማስተካከያውን አያይዛ ላከችው።

መልሱን አልጠበቀችም። አባቷ በረንዳ ላይ ለከሰዓቱ የዐስር ሰላት ውዱእ ሊታጠቡ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

«አባ፣ ላፕቶፑን ለሳላሀዲን አይስጡት።»

የውዱእ ውሃ የያዘውን ማሰሮ አንስተው ቀና አሉ። «ቃል ገብቼለት? ምን ልትሠሪበት ነው?»

«የወዚር ሥራ እንደገና ቢበላሽ በዚህ ላፕቶፕ የሚፈትሽለት ሌላ ሰው የለም» አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ደረቅ ነበር። «ለሳላሀዲን እኔው እደውልለታለሁ።»

አባቷ ማሰሮውን አስቀመጡ። ዙሀይራ ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን መፈለግ ጀመረች።