ከዕቃ ቤት የጠፋው ብልቃጥ

ብልቃጡ የለም።

ቄስ ወልደኢየሱስ የደብሩን ዕቃ ቤት ከፍተው መደርደሪያውን ዳበሱ። መስቀሉ አለ። ጽናው አለ። የብር ጸናጽሉም አለ። የፀዳ መንደር ሰው ለንዳድ በሽተኞች አዋጥቶ ከጎንደር ያስመጣው የአስፕሪን ብልቃጥ ብቻ የለም። የበሩ ቁልፍ አልተሰበረም።

«ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ሌባ ነው? የብር መስቀል ትቶ ክኒን የሚሰርቅ?» አለች ይመኙሽ ወሬውን ስትሰማ።

አባቷ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ገላመጧት። ይመኙሽ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመች፣ አፏ ከእግሯ የሚቀድም ልጅ ናት። በዚያ ሌሊት አንድ የንዳድ ሕፃን ራሴን ራሴን እያለ ሲያለቅስ አድሯል። ለእናቱ የሚሰጣት ክኒን አልተገኘም።

ከአዘዞ ፖሊስ ጣቢያ አስር አለቃ በላቸው መጣ። ከማክሰኝት ገበያ የሚመለስ ገበሬ፣ አያ ቢያዝንን፣ መንገድ ላይ ያዘ። ጣሊያን ጥሎት በሄደው አሮጌ ቦርሳው ውስጥ ነጫጭ ክብ ነገር ተገኝቷል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ከረሜላ።»

«ከረሜላ እንዲህ ነጭ ነው?»

«ታዲያ ቅመሰዋ።»

አስር አለቃው ላሰው። ጣፈጠው። ደግሞ ላሰው። ሰው ሁሉ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ።

ከዚያ ወዲያ ዓይን ሁሉ ወደ ትርንጎ ዞረ። ትርንጎ የዕቃ ቤቱን ደጅ የምትጠርግ፣ ባሏ የሞተባት፣ ከበለሳ የመጣች ሴት ናት። ፀዳ ላይ ዘመድ የላትም። ዘመድ የሌለው ደግሞ ዋስ የለውም።

አውጫጪኝ እንዲቀመጥ ተወሰነ።

በማግሥቱ ጠዋት ሰዉ ከደብሩ በታች ካለው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። የአውጫጪኝ ሕጉ የታወቀ ነው። ሌባው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ፣ የሰማ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል። እነሱም የነገራቸውን ሰው ስም አይጠሩም፤ «ወፍ ነገረችን» ብለው ያወጡታል። ሰብሳቢው መሪጌታ ነበሩ። ሕጉንም ያጠበቁት እሳቸው ናቸው። ለሽንት የሚነሳ እንኳ ከጠባቂ ጋር ይሂድ፣ እኔም ብሆን፣ አሉ። ሰው አመሰገናቸው። ያየ የለም፣ ከቀትር በፊት እንበተናለን ብለው ገምተው ነበር።

ቀትር አለፈ። ወፏ ዝም አለች።

መሪጌታ ማዛጋት ጀመሩ። ግንባራቸው አላበው። ነጠላቸውን አጥፈው ራሳቸውን ጥፍር አድርገው አሰሩ። ሴቶቹ፣ የሰው ኃጢአት ከብዷቸው ነው፣ ተባባሉ።

ይመኙሽ ግን ያንን አስተሳሰር ታውቀዋለች። ረቡዕና ዓርብ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ውሃ በማይቀመስበት ቀን፣ አባቷ እንዲህ ይሆናሉ። ማዕድ ሲቀርብ ወደ ጓዳ ገባ ብለው ይወጣሉ፤ ከዚያ ደህና ናቸው። በበዓለ ሃምሳ ግን አንድም ቀን ራሴን ብለው አያውቁም። «የአባባ ራስ ፍስክ ይወዳል» እያለች ቤተሰቡን ስታስቅ ኖራለች። ዛሬ ግን ዓይኗን ከአባቷ ላይ አልነቀለችም።

በተሲያት አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ወፍ ትርንጎን ከዕቃ ቤቱ ደጅ ስታንዣብብ አይታታለች አሉ።

«ቁልፉን ከየት አመጣሽው?» አለ በላቸው።

«አላመጣሁም።»

«ከደጁ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እጠርጋለሁ።»

«ወፍ ሌላ ትላለች።»

«እንግዲያስ ወፏ ስሟን ትንገረን» አለች ትርንጎ። «የኔ ስም ይኸው በሰው አፍ ውሏል።»

በላቸው ዋስ አለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ዞራ ሰዉን አየችው። ሰዉ መሬት መሬት አየ። በላቸው ጎንደር ወህኒ ሊወስዳት ገመድ አወጣና የሰብሳቢውን ቃል ጠበቀ።

መሪጌታ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ።

«ይመኙሽ፣ ዳዊቴን ከነማኅደሩ አምጪልኝ። ዳዊት ሳልደግም አልፈርድም።»

ዳዊት ነውና ጠባቂው አሳለፋት።

ቤት ገብታ የቆዳ ማኅደሩን ከተሰቀለበት ስታወርደው አንድ ነገር ተንኳኳ። ዳዊት አይንኳኳም። ከፈተችው። ከመጽሐፉ ሥር ብልቃጡ ተኝቷል፤ ከግማሽ በታች ጎድሏል።

ይመኙሽ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ገደል ብትጥለው ማንም አያውቅም፤ ትርንጎ ግን ትሄዳለች። ለወፍ ብትናገር የእሷ ስም አይጠራም፤ የአባቷ ግን ይጠራል። ብድግ አለች። በጣሳ ውሃ ቀዳች፤ ውሃ ያዘዛት አልነበረም።

ማኅደሩን ከጭናቸው ላይ አስቀምጣ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ዳዊትዎ ይንኳኳል። ውሃም ይዣለሁ። ወይ እዚሁ ሰው ፊት ይዋጡት፣ ወይ ይናገሩ። እኔ ለወፍ አልናገርብዎትም።»

መሪጌታ አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ማኅደሩ ውስጥ ሰደዱ። ሰዉ ጸሎት ሊጀመር መስሎት ለዳዊቱ ክብር ብድግ አለ። ከእጃቸው ጋር የወጣው ብልቃጡ ነው።

«ወፏን አታድክሟት» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ሕዝብ እንደቆመ ቀረ።

ለምን ብለው፣ አስፕሪን በጎንደር ሱቅ ሞልቶ፣ አለ በላቸው። መሪጌታ ቀና ሳይሉ ተናገሩ። አምና ራሳቸውን ሲያማቸው አንድ የጎንደር አራዳ ሐኪም ቤት ድሬሰር ክኒን ሰጥቷቸዋል። መጀመሪያ ሲያማቸው ይውጡ ነበር። ቀጥሎ እንዳያማቸው መዋጥ ጀመሩ። ኋላ ሳይውጡ ከዋሉ ራሳቸው ሊፈነዳ ይደርሳል። ድሬሰሩ፣ አሁን የሚያሳምምዎ ራሱ መድኃኒቱ ነው፣ ይተውት፣ ቢላቸው ሰድበውት ወጡ። እሱም ለባለ ሱቆቹ ተናግሮ ከአራዳ የሚሸጥላቸው ጠፋ። የዕቃ ቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ ደግሞ እሳቸው ዘንድ ነው።

«ነገ እተካለሁ፣ ነገ እተካለሁ እያልሁ የበሽተኛ መድኃኒት በላሁ። ዕድሜዬን ሰካራም ስገሥጽ ኖርሁ። የሱ ጠጅ ይሸታል፤ የኔው አይሸትም።»

ትርንጎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምነው መሪጌታ» አለች፣ «ገመዱ ሲወጣ እያዩ?»

በላቸው ገመዱን ጠቀለለ፤ ማንን እንደሚያስርበት ጠፍቶት ነው። መሪጌታ ራሳቸው ተነሥተው የአዘዞን መንገድ ፊት ፊት ሄዱለት።

መሪጌትነቱ ተነሣ። ከወህኒ ሲፈቱ ከቤት ዋሉ፤ ክኒን ያልቀመሰ ራሳቸው ሲፈልጣቸው ሰንብቶ አንድ ቀን ለቀቃቸው።

በአንድ ዓርብ ይመኙሽ ከቅዳሴ ስትወጣ አባቷን ከቅጥሩ በር አገኘቻቸው፤ ንስሐ ከገቡት ጋር አቀርቅረው ቆመዋል።

«ዛሬም ራስዎን አመመዎት?»

«የለም፣ ልጄ። ተወኝ።»

«ታዲያ ምነው ቀና አይሉ?»

በአገጫቸው ወደ ዕቃ ቤቱ አመለከቷት። ትርንጎ ደጁን ትጠርጋለች።

ይመኙሽ አንድ ነገር ልትላት አፏን ከፈተች። ገመዱ እስኪወጣ ድረስ እሷም የአባቷን አስተሳሰር እያየች መቀመጧ ትዝ አላት። ከአባቷ ጎን ቆማ አቀረቀረች።