የቡላ ጾምና የካልሲው ኳስ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ታሪክ የደከማቸው ሰዎች ታሪክ ስለሆነ ቀስ ብለን ነው የምናነበው።

ትርሲት ስድስት ዓመቷ ነው። ቡላ የትርሲት ውሻ ነው፤ አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንድ ጆሮው የተኛ።

የትርሲት አባት ጎሚስታ ነው። ቀኑን ሙሉ የመኪና ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። «ፍስስስ! ፍስስስ!»

ሲመሽ ወደ ቤት ይመጣና ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያወልቃል። «ኡፈይ! ደከመኝ» ይላል።

ትርሲትም አጠገቡ ቁጭ ትላለች። «ኡፈይ! እኔም ደከመኝ» ትላለች።

ቡላ ደግሞ አፉን ከፍቶ ያዛጋል። «አኣኣኣ…ው!»

አባቷስ ጎማ ሲያነሳ ሲጥል ውሎ ነው የደከመው። ትርሲትን ምን አደከማት? ቡላን ዝላይ እያስተማረች ነዋ!

ግቢው ውስጥ ሁለት ብሎኬት ላይ የተጋደመ ዱላ አለ። ከዱላው ቀጥሎ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ ጎማ አለ። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ በርሜል አለ።

ቡላ በዱላው ላይ — ሆፕ! በጎማው መሐል — ሆፕ! በበርሜሉ ውስጥ — ሹልክ! ማለት አለበት።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል ነበር። ሥጋ ሻጩ ጋሽ ዘለቀ የሥጋ ቁርጥራጭ በወረቀት ይጠቀልልላታል። «እንኪ የኔ ልጅ፣ ለዚያ ለዘላዩ ጓደኛሽ!»

ትርሲት አንዲት ትንሽ ቁራጭ ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች። ወዲያው የተኛው የቡላ ጆሮ ብድግ ይላል።

«ቡላ፣ ሆፕ!»

በዱላው ላይ — ሆፕ! በጎማው መሐል — ሆፕ! በበርሜሉ ውስጥ — ሹልክ! ከዚያ ቁራጯን ዋጥ!

ታላቅ እህቷ ሰናይት በመስኮት ታያቸዋለች። «ቡላ የሚወደው ሥጋውን ነው፤ አንቺን አይደለም» ትላታለች።

«እኔን ነው የሚወደው!» ትላለች ትርሲት።

ስትተኛ ግን ያው ነገር ይመላለስባታል። ሥጋውን ነው ወይስ እኔን?

አንድ ቀን ሁዳዴ ጾም ሊገባ ሆነ። ቅበላ ደረሰ፤ ነገ ሥጋ ስለማይበላ ዛሬ በየቤቱ ተበላ።

ጋሽ ዘለቀ ለትርሲት አንድ ፌስታል ሙሉ ቁርጥራጭ ሰጣት። «እስከ ፋሲካ ሥጋ ቤቱን እዘጋለሁ። እኔም ወገቤን ላሳርፍበት» አላት።

ትርሲት አሰበች። ሰው ሁሉ ቅበላውን ሲበላ ቡላ ለምን ይቅርበት? ፌስታሉን ዘረገፈችለት።

ቡላ በላ፣ በላ፣ በላ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ።

«ቡላ፣ ሆፕ!» አለች ትርሲት።

ቡላ ዱላውን አየው። ከዚያ ዱላው ሥር ተጋደመ። «አኣኣኣ…ው!»

በማግስቱ ትርሲት ሥጋ ቤት ሄደች። «ኳ! ኳ! ኳ!» በሩ ተቆልፏል።

«ፋሲካ ስንት ቀን ቀረው?» ብላ እህቷን ጠየቀች።

«ሃምሳ አምስት» አለች ሰናይት።

ትርሲት በእጇ ጣቶች ቆጠረች፤ አለቁባት። የእግሯን ጣቶች ጨመረች፤ እነሱም አለቁባት።

ቡላም ሳይወድ በግዱ ጾመኛ ሆነ።

ትርሲት ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ደረቅ ዳቦ አመጣች። «ቡላ፣ ሆፕ!»

ቡላ ዳቦውን አሸተተው። ወስዶም ዛፉ ሥር ቀበረው።

የተቀቀለ ድንች አመጣች። «ቡላ፣ ሆፕ!»

ቡላ ድንቹን በላ። ከዚያ በዱላው ላይ ሳይሆን በዱላው ሥር አለፈ።

የተቀቀለ ሽምብራ አመጣች። «ቡላ፣ ሆፕ!»

ቡላ ሽምብራውን በአፍንጫው ገፋ ገፋ አደረገው። «እጥሽ!» አለና ተኛ።

«በቃ እኔ ላሳይህ!» አለች ትርሲት። ራሷ በዱላው ላይ — ሆፕ! ራሷ በጎማው መሐል — ሆፕ! ራሷ በበርሜሉ ውስጥ — ሹልክ!

ቡላ ጭራውን እያወዛወዘ አያት። አሰልጣኟ እየዘለለችለት እሱ ምን አለፋው?

ትርሲት ፀጉሯ አቧራ በአቧራ ሆኖ ከበርሜሉ ወጣች። ጉልበቷ ተልጧል፤ ሄዳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

አባቷ ሲመጣ ደረጃው ላይ አገኛት። እሱም አጠገቧ ቁጭ አለ። «ኡፈይ! ደከመኝ» አለ።

ትርሲት ግን «እኔም ደከመኝ» አላለችም። ከንፈሯን ጣለች።

«ምነው የኔ እናት?»

«አባዬ፣ ቡላ አይወደኝም። የሚወደው ሥጋውን ነው።» እንባዋ ዱብ አለ።

አባቷ ጥቁር ቅባት በነካው እጁ ጀርባዋን አሻሸላት። «የደከመ ሰው ጎማ ሲፈታ ብሎን ይጠፋበታል። ዛሬ ይብቃችሁ፤ አንቺም እረፊ፣ እሱም ይረፍ» አላት።

ከዚያ አንድ ካልሲውን አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ ሽታውስ? እሱን ተዉት!

አባቷ ካልሲው ውስጥ ጨርቅ ጠቀጠቀ፣ ጠቀጠቀ። አፉን በጎማ ቁራጭ ጥብቅ አድርጎ አሰረው።

የካልሲ ኳስ! መሬት ላይ ጣለው። «ዱብ! ዱብ! ዱብ!»

አሁን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የተኛው የቡላ ጆሮ ብድግ አለ!

ኳሱ እየተንከባለለ ከዱላው ማዶ ሄደ። ቡላም ተከትሎት በዱላው ላይ — ሆፕ!

ኳሱን ይዞ መጣ፤ ግን አለቅም አለ። ትርሲት ትጎትታለች፣ ቡላ ይጎትታል። «እርርር! እርርር!»

ትርሲት ሳቀች። ከቅበላ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግስቱ ኳሱን በጎማው አሳልፋ ወረወረችው። ቡላ በጎማው መሐል — ሆፕ! በሦስተኛው ቀን በርሜሉ ውስጥ አንከባለለችው። ቡላ በበርሜሉ ውስጥ — ሹልክ!

በየዝላዩ መጨረሻ ትርሲት ከማዶ ትጠብቀዋለች። «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ቡላ!» እያለች አንገቱን ታሻሸዋለች፤ ከዚያ ጉተታ ይጫወታሉ።

ቅዳሜ ደረሰ። «ሰናይት! ሰናይት! ነይ እዪን!» ብላ ትርሲት ተጣራች።

ሰናይት ልብስ ስታጥብ ነበር። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። «ቶሎ በይ እሺ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው» አለች።

ትርሲት ኳሱን ከፍ አደረገች። ቡላ ግን ገና ሳይዘል ኳሱን ለቀም አደረገው።

«ልቀቅ!» ትርሲት ጎተተች። «እርርር!» ቡላም ጎተተ። ካልሲው ምን ይበል? «ጥርርር!»

ጨርቁ ተዘረገፈ። ኳሱ አለቀለት።

«አየሽ?» አለች ሰናይት። «መጀመሪያ ሥጋ፣ አሁን ደግሞ ካልሲ። አንቺን እኮ አይደለም።»

ትርሲት ከበርሜሉ ማዶ፣ ግቢው ጥግ ሄዳ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ጉልበቷን አቅፋ ጭንቅላቷን ደፋች። «ሆፕ» አላለችም፤ ቡላንም አልጠራችም። በእጇ ሥጋ የለም፣ ኳስ የለም፣ ምንም የለም።

ቡላ ጨርቁን አሸተተና ተወው። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። ትርሲት የታለች?

እዚያ ማዶ አያት። የተኛው ጆሮው ብድግ አለ!

በዱላው ጎን ባዶ መንገድ ነበር፤ በዚያ ቢሄድ ማን ይከለክለዋል? ቡላ ግን ወደ ትርሲት የሚሄደው በየት እንደሆነ ያውቃል።

በዱላው ላይ — ሆፕ!

በጎማው መሐል — ሆፕ!

በበርሜሉ ውስጥ — ሹልክ!

ከዚያ እርጥብ አፍንጫውን በትርሲት ክንድ ሥር ሰዶ አገጩን ጉልበቷ ላይ አስደገፈ።

ትርሲት ቀና አለች። ሰናይት አፏን ከፍታ ቆማለች።

«ምን አሳየሽው?» አለች ሰናይት።

ትርሲት ሁለት እጆቿን ዘረጋች። «ምንም።»

ሰናይት መጣችና አጠገባቸው ዝርፍጥ አለች። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ አንቺን ነው የሚወደው» አለች። ልብስ ያጠበችበት እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ የትርሲትን ጉንጭ ግን አባበሰችበት።

ሲመሽ አባቷ መጣ። ጫማውን አወለቀ። «ኡፈይ! ደከመኝ» አለ።

«ኡፈይ! እኔም ደከመኝ» አለች ትርሲት። «ኡፈይ! እኔም» አለች ሰናይት። «አኣኣኣ…ው!» አለ ቡላ።

አባቷ የተቀደደውን ካልሲ አየ። ከዚያ የቀረውን አንድ ካልሲ አንስቶ ለትርሲት ሰጣት። «እንግዲህ ይሄ ብቻውን ምን ይሠራልኛል? ነገ ሌላ ኳስ እንሠራለን» አላት።

ትርሲት አልጋዋ ላይ ወጣች። በብርድ ልብሷ ውስጥ — ሹልክ!

ቡላስ? በአባቷ ጫማ ላይ — ሆፕ! በሰናይት ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ — ሆፕ! በትርሲት አልጋ ሥር — ሹልክ!

ትርሲት እጇን ከአልጋው ወደ ታች ለቀቀችው። እጇ ባዶ ነበር። ቡላ ላስ አደረገውና ተኛ፤ አንድ ጆሮው ቆሞ፣ አንድ ጆሮው ተኝቶ።

ታሪኬም ደከመውና እዚሁ ተኛ። እናንተም ድምፅ ሳታሰሙ፣ በብርድ ልብሳችሁ ውስጥ — ሹልክ!